የኤልሮይ ፀጉር

ኤልሮይ ቲብስን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያወቅሁት አሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ ሳለን ነው። በወይዘሮ ቬርዲ ማደሪያ ቤት አንድ ግድግዳ ብቻ ይለየን ነበር። በሥራ ቀን የጥጥ እስር ሲሸከም ይውላል። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ሮዝ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ጭፈራ ቤት ፒያኖ ይመታል። ያ ሮክ ኤንድ ሮል የሚሉት ዘፈን ገና ብቅ ያለበት ዘመን ነበር። ሕዝቡ ይጮኽለታል፤ እራቱን ግን ሁልጊዜ ብቻውን ነበር የሚበላው።

ከሁሉ የሚሳሳው ለፀጉሩ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ከድንችና ከእንቁላል ጋር የመታውን የከርዳዳ ፀጉር ማለስለሻ መድኃኒት ሲቀባው አናቱ ይቃጠላል፣ ዕንባው ይወርዳል። ሲታጠብ ግን ፀጉሩ ለስልሶ ወደ ኋላ ይተኛና ያበራል።

«የገጠሩ ልጅ እዚያ ወንበር ላይ ቀረ» ይለኝ ነበር። «መስታወቱ ውስጥ ያየሁትን ሰውዬ ወደድኩት።»

አባቱ ሲያርፍ ታናሽ ወንድሙ አምብሮስ ከሚሲሲፒ ደወለ። ድምፁ ከስልኩ አልፎ እኔም ጆሮ ይደርስ ነበር።

«የሬሳ ሳጥኑን ከፊት የምትይዘው አንተ ነህ፣ የበኩር ልጁ ነህ። ያንን የሴት ፀጉር ግን ተላጭተህ ና።»

«አምብሮስ፣ አባባ እኮ...»

«አባባን ተወው! እንደዚያ ሆነህ ከመጣህ እጅህ ሳጥኑን አይነካም።»

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ድረስ አብረን ሄድን። ኤልሮይ የበሩን እጀታ ይዞ ቆመና ተመለሰ።

«ፀጉር እኮ ይበቅላል፣ ወንድሜ» አልኩት።

«እሱስ ይበቅላል። ግን ‹ያ ሰውዬ ውሸት ነበር› ብዬ የፈረምኩላቸው ይመስለኛል።»

ሰፊ ባርኔጣ ገዝቶ ፀጉሩን ከሥሩ ደበቀና አውቶቡስ ተሳፈርን። ምን ያደርጋል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንድ ባርኔጣ አያደርግም። ስለዚህ ጸሎቱ እስኪያልቅ ግቢው ውስጥ ቆሞ መዝሙሩን በመስኮት ሰማ። ሳጥኑን ከፊት ይዞ የወጣው ጎረቤት ነበር።

መቃብሩ አጠገብ ወንዶቹ ሁሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ኤልሮይ ብቻ ሳያወልቅ ቀረ።

«ለአባትህ እንኳ አታወልቅም?» አለች አክስቱ ፐርሊን።

አወለቀ። ፀጉሩ በፀሐዩ ብልጭ አለ።

«ወይ ጉድ! ላም ጥጃዬ ነው ብላ ላሰችው እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሰዎች አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

አካፋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አምብሮስ ወንድሙን ዘሎ ለሌላ ሰው አቀበለ። ኤልሮይ ጎንበስ አለ፤ አፈሩን በእፍኙ ዘግኖ አባቱ ላይ አለበሰ። አባቱ ቤት ዶሮ ተጠብሶ፣ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ኑ ያለን ግን አልነበረም።

ስንመለስ አውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«ቅዳሜ ትጫወታለህ?» አልኩት ሜምፊስ ስንቃረብ።

«ካልተጫወትኩ የት እሄዳለሁ?» አለኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።