በሜሮን እናት ስቀና

ልጅ ሳለሁ ከሁሉ አብልጬ የምቀናው፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሜሮን የግቢውን በር ገፍታ «እማዬ» ብላ ስትጣራ ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ግቢ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን ነበር የምንኖረው። ከእነሱ ቤት እናቷ እትዬ አስቴር «አቤት ልጄ» ይላሉ፤ ከእኛ ቤት የሚመልስ የለም። ያን ላለመስማት ጫማዬን የማስር መስዬ ወደኋላ እቀር ነበር።

እናቶቻችን የታመሙት በአንድ ክረምት ነው። ጠበል አብረው ይሄዱ ነበር፤ እኔና ሜሮንም እጅ ለእጅ ተያይዘን በጭቃው እንከተላቸዋለን። ጸሎታችን እንኳ አንድ ነበር፤ እሷ ስትል የሰማሁትን እኔም እደግመዋለሁ። መስቀል ሲደርስ እትዬ አስቴር ከአልጋ ተነስተው ልብስ አጠቡ። የእኔ እናት በዚያው ሳምንት ሞተች፤ ቂርቆስ ቤተክርስቲያን ተቀበረች።

ከዚያ በኋላ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳረፍኩ። አለ ካልኩ፣ ሜሮንን ሰምቶ እኔን ትቶኛል ማለት ነው። ይህን ከማመን የለም ማለቱ ቀለለኝ። አባቴ ራት ላይ «በስመ አብ» ሲል እኔ ቀድሜ እጎርሳለሁ። ከሜሮን ጋር ሱዚ ስንዘል ዓይኔ የሚያርፈው ጸጉሯ ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ በጉልበታቸው መሀል አስቀምጠው ሹሩባ ይሠሯታል፤ የቅቤው ሽታ እኛ ቤት ድረስ ይመጣል። «ነይ አንቺንም ልሥራሽ» ሲሉኝ «ራሴን ያመኛል» እያልኩ እሸሻለሁ። የሰው እናት እጅ ራሴን ከነካኝ አለቅሳለሁ ብዬ እፈራ ነበር።

የስቅለት ዕለት ጠዋት እትዬ አስቴር ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሜሮንን ይዘው ደጃችን ላይ ቆሙ።

«ከእኛ ጋር ነይ፤ ሰግደን የእናትሽንም መቃብር እናያለን» አሉኝ።

«አልሄድም። እዚያ የሚሰማ የለም» አልኩና ለወራት የያዝኩትን አወጣሁት። «እርስዎን ብቻ ለምን አዳነ? እናቴስ?»

ሜሮን ደነገጠች። እትዬ አስቴር ግን አልተቆጡም፤ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ።

«እኔም እጠይቀዋለሁ። ጠበሉን የጠጣነው አንድ ላይ ነው። ለምን እኔን አስቀርቶ እሷን እንደወሰዳት እስካሁን አልነገረኝም።»

«ታዲያ ለምን ይሄዳሉ?»

«ሌላ ማንን ልጠይቅ ልጄ?»

ተነስቼ ተከተልኳቸው። መስቀል አደባባይን አቋርጠን ቂርቆስ ስንደርስ ግቢው ነጭ በነጭ ሆኗል። የወይራ ቅጠልና የላብ ሽታ ተቀላቅሏል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሕዝቡ ይሰግዳል፣ ሜሮንም ትሰግዳለች፤ እኔ ብቻ ቆሜ እሷን አያለሁ። እሷ የምታመሰግንበት ነገር አላት፣ እኔ ምን አለኝ እያልኩ ውስጤ ይቃጠላል። በመሀል አንድ ሽማግሌ ቄስ የዕለቱን ታሪክ ይተርኩ ጀመር። ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ፣ ለምን እንደተወው አባቱን ጮሆ ጠየቀ አሉ።

ከዚያ በፊትም ሰምቼው ይሆናል፤ ልቤ የገባው ግን የዚያን ቀን ነው። የእትዬ አስቴርን ነጠላ ጎተት አደረግሁ።

«እሱም ለምን ብሎ ጠየቀ?»

«ጠየቀ እንጂ።»

«ምን መለሰለት?»

«የዚያን ቀን ዝም አለው» አሉኝ።

ማንም ሳያዘኝ ተንበረከክሁ። ግንባሬ የሞቀውን ድንጋይ ሲነካ፣ እናቴ ከሞተች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቀኝ ሰው ፊት የቆምኩ መሰለኝ። እሱም እንደ እኔ ጠይቆ መልስ ያልተሰጠው ነው። እስኪደክመኝ ሰገድኩ፤ እስኪደክመኝም አለቀስኩ። በማግስቱ እትዬ አስቴር ሹሩባ ሲሠሩ ተራዬን ጠብቄ በጉልበታቸው መሀል ተቀመጥኩ። ቅናቱ በአንድ ቀን አልለቀቀኝም፤ ሜሮን «እማዬ» ባለች ቁጥር ይወጋኝ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ ሲወጋኝ የምነግረው ነበረኝ።

ዛሬ ግቢያችን የለም። ፈርሶ ሰፊ መንገድ ወጥቶበታል፤ ጎረቤቱም በየአቅጣጫው ተበትኗል። እትዬ አስቴር ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሜሮን ጋር ይኖራሉ። እርጅናው ነገር ያስረሳቸዋል። ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ጨብጠው በእናቴ ስም ጠሩኝ።

«ልጅሽ አደገችልሽ?» አሉኝ።

«አደገች» አልኳቸው።

ሜሮን ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየናለች። «እኔን ዛሬ ማን እንደሆንኩ እንኳ አላወቀችኝም» አለች ቀስ ብላ። እኔን የምታይበትን አስተያየት ወዲያው ለየሁት፤ ስንት ዓመት በራሴ ዓይን ውስጥ የኖረ ነው። ድሮ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን ጠርቼ በሌላ ጎናቸው አስቀመጥኳትና እጃቸውን አስያዝኳት። እትዬ አስቴር ሁለታችንንም እንደያዙ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እኛም እንዳይነቁ ብለን ሳንነቃነቅ ቆየን።