አረካ ላይ ያመለጡኝ ኳሶች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዝናብ ያራሰው መረብ ኳስ ይዛ ከትምህርት ቤት ገባች። ያ የእርጥብ ቆዳና የቀይ አፈር ሽታ ሲሸተኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ፊቴ ጋለ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በትምህርት ቤታችን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ውስጥ ሰርቪስ ተቀባይ ነበርኩ። የስፖርት መምህራችን ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። ልምምዳችን ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ እሱ ከመረቡ ማዶ ቆሞ ኳሱን ክንዴ ላይ ያሳርፍልኛል፣ እኔ እመልሳለሁ። ደግሞ እዚያው፣ አሁንም እዚያው። አንድም አያመልጠኝም።

"ኧረ ይቺ ልጅ ግድግዳ ናት!" ይል ነበር። አመንኩት። ሻንቶ ገበያ አቮካዶ ለምትሸጠው እናቴም ነገርኳት።

አረካ ከተማ ሄደን ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ስንጋጠም እናቴ ገበያዋን ትታ መጣች። የመጀመሪያው ሰርቪስ አጠረና ከፊት ለፊቴ መሬት ላይ ወደቀ። ሁለተኛው በላዬ አልፎ ከኋላዬ አረፈ። ቀጣዩ ደረቴን መትቶኝ ወጣ። ለካ እኔ የማውቀው እጄ ላይ የመጣልኝን ኳስ ብቻ ኖሯል። እናቴ ከሰዉ መሃል በወላይትኛ "አይዞሽ ልጄ! እጅሽን ዘርጊ!" ብላ ጮኸች። ሰዉ ሳቀ። መምህሩ ቀይሮኝ ስወጣ ቀና ብዬ አላየኋትም።

ሰኞ ዕለት መምህሩ ጠራኝ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ኳሱን እጅሽ ላይ እያስቀመጥኩ፣ ችለሻል አልኩሽ።"

ከዚያ ልምምዱን ለወጠው። አንዱን ያሳጥራል፣ አንዱን ያርቃል፣ ሌላውን በግራዬ ይልካል፤ የሚቀጥለው ወዴት እንደሆነ አይናገርም። ያቺ ግድግዳ የተባልኩት ልጅ በታናናሾቼ ፊት እንደ ጀማሪ እደናበር ጀመር። ከሀፍረቴ ብዛት "በፊት ይሻለኝ ነበር" ብዬ አለቀስኩ።

"በፊት የቻልሽ ይመስልሽ ነበር" አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

እየዋለ እያደረ ግን የመቺዋን ትከሻ አይቼ እግሬ ቀድሞ መንቀሳቀስ ለመደ።

ከዚያው ቡድን ጋር የመልሱ ግጥሚያ በዞኑ ከተማ በሶዶ ነበር። ደግሜ እንዳላዋርዳት ፈርቼ ለእናቴ አልነገርኳትም። ያን ቀን ያጠረውንም የራቀውንም ተቀበልኩ፤ አሸነፍን። ጓደኞቼ ሲጨፍሩ፣ ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስትጣደፍ አየሁ። እናቴ ነበረች። ከጎረቤት ልጅ ሰምታ ኖሯል። ሮጬ ባጃጅ ልትሳፈር ስትል ደረስኩባት።

"እማ! ለምን አልገባሽም?"

"ባለፈው በኔ ጩኸት ደንግጠሽ አይደል የሳትሽው" አለች ዓይኗን እያሸሸች። "ዛሬ አፌን ይዤ አየሁሽ።"

ያን ሁሉ ጊዜ የኔን ሀፍረት ተሸክማልኝ ኖራለች። በሷ እንዳልሆነ ልነግራት ፈልጌ፣ ላብ እንዳጠመቀኝ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። የባጃጁ ሾፌር ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ፤ አልለቀቅኳትም።