ቀይዋ መኪናና ቀጭኑ ድምፅ

ባለፈው ሰሞን ጎንደር ውስጥ አንድ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ልጁ የጋለውን ብረት ሽቦ በሚያያይዝበት ሊድ ላይ አስነክቶ ቀጭን ጭስ ሽቅብ ሲል፣ ሽታው አፍንጫዬ ገብቶ ሳያበቃ እኔ ያደግኩባት የቆላ ከተማ ሸሕዲ ደርሻለሁ። ልጁ «እትዬ፣ ሙቀቱ ከበደዎት እንዴ?» ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ ኖሯል። ሙቀቱማ የት አለ፤ ሸሕዲ ያደገ ሰው የጎንደርን ሙቀት ሙቀት ብሎ አይጠራውም። የታየኝ አባቴ ነው፤ ከሰል ላይ ያጋለውን የመዳብ ዘንግ በጨርቅ ጨብጦ፣ ሁለት እግሩን ከቀይዋ መኪና በር ውጭ ዘርግቶ፣ በጀርባው ተንጋሎ ከመሪው ሥር ሽቦ ሲያያይዝ።

አባቴ አያሌው በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻ የትራክተር መካኒክ ነበር። ከደጋ ወርዶ ቆላ የገባው በጎረምሳነቱ ሲሆን፣ ዕድሜውን የጨረሰው ሞተር ሲጮኽበት ነው። ቀይዋ መኪና ደግሞ ከአብዮቱ በፊት ሰፊ የሰሊጥ እርሻ የነበረው አንድ ባለሀብት ወደ ሱዳን ሲሻገር ጥሎ የሄዳት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ የጣልያን ሥሪት የስፖርት መኪና ነበረች። የእርሻው ጋራዥ ጓሮ ዶሮ እየተፈለፈለባት ዓመታት ከቆየች በኋላ መሥሪያ ቤቱ በቁርጥራጭ ብረትነት ሲያስወግዳት፣ ከአባቴ በቀር የፈለጋት ሰው አልነበረም። ከመሬት ከፍ ያለችው ጥቂት ስለነበረ፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አጠገቧ ሲደርሱ ቁልቁል ወደ ውስጥ እያዩ ነበር የሚያልፉት። ጤና ጣቢያ መርፌ ወጊ የነበረችው እናቴ «አንተ መኪና ሳይሆን ጫማ ነው የገዛኸው» እያለች ትስቅበት ነበር።

ክረምት ሲገባ ቀይዋ መሄጃ አልነበራትም። የቆላው ዋልካ አፈር ዝናብ ከጠጣ በኋላ እንኳን እሷን ትራክተሩንም ውጦ ያስቀር ስለነበር፣ አባቴ ግቢያችን ውስጥ ዳስ ሠርቶ ከሰኔ እስከ መስከረም ያቆማት ነበር። ሬዲዮዋ ሥራ የሚበዛባት ያኔ ነው። ፋብሪካው የገጠመላት አንዲት መዳፍ የምታህል ስፒከር ብቻ ነበረቻት፤ አመሻሽ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አባቴና እናቴ ሁለቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ከኋላቸው ባለችው ጠባብ ቦታ ተኮማትሬ፣ ከሱዳን፣ ከኦምዱርማን ሬዲዮ የሚተላለፈውን ዘፈን እያዳመጥን የትም ሳንሄድ እንጓዝ ነበር።

በአንደኛው ክረምት ታዲያ፣ እኔ ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ አባቴ «ቀጭኑ ድምፅ ጠፍቷል» ማለት ጀመረ። ከበሮው ይሰማዋል፣ የወንዶቹ ጉርምርምታም ይሰማዋል፤ የሴቷ ዘፋኝ ድምፅና የቫዮሊኑ ጫፍ ጫፉ ግን የለም። «ይቺን ስፒከር እርጥበት መትቷታል» ብሎ ፈታት፣ የተቀደደ ወረቀቷን በሙጫ ለጠፈ፣ መልሶ ገጠማት፤ ቀጭኑ አልመጣም። እኔ ግን እሰማው ነበር። እናቴም ትሰማው ነበር፤ በመኪናዋ መስታወት ውስጥ ተያየን፤ ሁለታችንም ግን አልነገርነውም። የጠፋው ከሬዲዮዋ ሳይሆን ከአባቴ ጆሮ ነበር። የትራክተሩ ጩኸት ወፍራሙን ትቶ ቀጭን ቀጭኑን ለቅሞ ስለወሰደበት፣ የጋራዡን ወንዶች ደህና አድርጎ እየሰማ እናቴንና እኔን ግን ከፊቱ ቆመን አፋችንን ካላየ አይሰማንም ነበር። እሱ ይህን ከሚቀበል ጥፋቱን በመኪናዋ ማላከክ መረጠ።

ችግሩ ቤታችን ውስጥ ቢቀር ደግ ነበር። በእኛ ሰፈር ሰው በአጥር ሥር ሲያልፍ፣ ግቢ ውስጥ ያለው ሰው ባይታይም እንኳ ከአጥሩ ጀርባ ሆኖ «እንደምን ዋላችሁ!» ይላል፤ አላፊውም ቆም ብሎ ይመልሳል። ሳይመልሱ ማለፍ ስድብ ነው። አባቴ የሴቶቹን ሰላምታ እየጣለ ማለፍ ጀመረ። ሴቶቹ በመጀመሪያ «ሐሳብ ይዞት ይሆናል» አሉ፤ እያደር ግን «መኪና ከገዛ ወዲህ ሰው አይታየውም» ወደ ማለት ሄዱ። ነገሩን ያባሰው ደግሞ የዕድሩ ዳኛ አያ ቸኮል፣ የተከበሩ ሽማግሌ ሆነው ሳሉ፣ እግዜር የሰጣቸው ድምፅ እንደ ሕፃን የቀጠነ መሆኑ ነው። እሳቸውም በሐምሌ አንድ ቀን ከአጥራቸው ጀርባ ሰላም ብለውት ዝም ብሏቸው አለፈ። ከዚያ ወዲያ የአያሌው ኩራት የሰፈሩ ወሬ ሆነ።

መስከረም ላይ እናቴን ወባ ጣላት። ያን ሁሉ ሰው በመርፌ ያዳነች ሴት ስትተኛ፣ ከጤና ጣቢያ ባልደረቦቿ በቀር አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ «እግዚአብሔር ይማርሽ» የሚል ጎረቤት ጠፋ። አገግማ ቀና ስትል አባቴን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው።

«ለሰዎቹ ንገራቸው። ጆሮዬን አሞኛል በላቸው።»

«ጆሮዬ ምን ሆነ? ደግሞስ ጆሮው የማይሰማ መካኒክ ማን ሞተር ያስነካዋል?» አላት። «ኮራ ይበሉኝ፤ ኩራት ከሥራ አያስወጣም።»

«ከሰው ግን አስወጣህ» አለችው። ይሰማት አይስማት አላወቅኩም፤ ተነሥቶ ወጣ።

ጥቅምት መጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ አባቴ ቀይዋን አስነሥቶ እኔን ከጎኑ አስቀምጦ መተማ ገበያ ወረድን። እዚያ ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት የሚሻገር፣ የጭነት መኪናውን አባቴ የሠራለት አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ ነበረ። አባቴ የሚፈልገውን አንድ በአንድ ነገረው፤ ሬዲዮና ካሴት በአንድ ላይ የሚያጫውት መሣሪያ፣ ለበሮቹ ሁለት ትልልቅ ስፒከር፣ አምፕሊፋየር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ለብቻው የሚያወጡ፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያካክሉ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች። ነጋዴው አገናኝቶ ሲያጫውትልን አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ልጄ ይታይሽ፣ ቀጭኑ አለ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ነጋዴው «ታማም!» ብሎ፣ በቋንቋው ግሩም ነው ማለቱ ነው፣ እጁን አጨበጨበና፣ ለሰርግ ዘፋኝ የሚሆን ማይክሮፎን ምራቂ ብሎ ጨመረልን። አባቴ ማይክሮፎኑን ከወንበሩ ሥር ወረወረው፤ እሱ ዘፋኝ አይደለ።

ከዚያ በኋላ ግቢያችን ጋራዥ ሆነ። አባቴ የቀይዋን ሁለት በሮች በመጋዝ ሲቀድድ እናቴ የሰው ገላ የሚቀደድ ይመስል ፊቷን ሸፈነች። የእኔ ቦታ የነበረችው ከወንበሩ ኋላ ያለች ጥግ ላይ፣ ከሱዳን ሻይ በሚመጣበት ጣውላ የተሠራ የአምፕሊፋየር ሣጥንና አሮጌ የትራክተር ባትሪ ተቀመጡባት፤ የመኪናዋ የራሷ ባትሪ ይህን ሁሉ ሸክም አልቻለውማ። ሁሉም ተገናኝቶ ሞተሩ ሲነሣ ከስፒከሮቹ ውስጥ ፉጨት መጣ፤ ነዳጅ ሲሰጥ ከፍ፣ ሲለቅ ዝቅ የሚል፣ ጥርስ የሚያሳክክ ፉጨት። አባቴ አልሰማውም። እኔ ስነግረው «ከዲናሞው ነው የሚመጣው» ብሎ ሽቦውን ከሞተሩ አራቀው፣ ወደ ቀኝ አዞረው፣ ከመኪናዋ ወለል በታች አሳለፈው፤ «አሁንስ?» «አለ።» «አሁንስ?» «ቀነሰ።» እንዲህ ስንባባል ውለን ፉጨቱ ሲጠፋ ግንባሬን ሳመኝ። ስለ ፉጨቱ የእኔን ጆሮ አምኗል፤ ስለ ራሱ ጆሮ ግን አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ኅዳር ላይ የሰሊጡ አጨዳ ተጋጋለ፤ ከደጋ የወረዱት የቀን ሠራተኞች ከተማውን ሞልተውት ነበር። አባቴ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሴት ዘፋኝ ካሴት አስገብቶ የቀይዋን ሁለት በሮች ሲከፍት፣ መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆመ። ትከሻ የማይነቀንቅ አልነበረም። አንዱ ጎጃሜ «ኧረ ይቺ ሴትዮ መኪናው ውስጥ ናት እንዴ?» ብሎ አጥራችን ላይ ተንጠለጠለ። አባቴ ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ጆሮውን ትንሿ ስፒከር ላይ ለጠፈ፣ ድምፁን ጨመረ፣ አሁንም ጨመረ፤ ከዚያ ፊቱ ጠቆረ።

«አሁንም ቀጭኑ የለም» አለኝ። «ያ ነጋዴ አታሎኛል። ነገ ወርጄ አፋጥጠዋለሁ።»

ያ ነጋዴ ምንም አላጠፋም። ዝም ብል አባቴ ገበያ መሀል ሊዋረድ ነው፤ ብናገር ደግሞ እዚሁ። ዞሬ ከፊቱ ተንበረከክኩና አፌን እንዲያይ ቀስ ብዬ «አባዬ፣ ቀጭኑ አለ» አልኩት።

«የት አለ?»

«አለ፣ አባዬ። ሁሉም ሰው እየሰማው ነው።»

ቀና ብሎ አጥሩ ላይ የሚወዛወዘውን ትከሻ ሁሉ አየ። ከዚያ እጁን ሰዶ ካሴቱን አጠፋና፣ ሰዉ ሲያጉረመርም ዞር ብሎ ሳያይ ቤት ገባ። እኔ እዚያው መኪናዋን ተደግፌ አለቀስኩ።

ታኅሣሥን እንዲሁ ገፋነው። አባቴ ሥራ ሄዶ ይመለሳል፣ በልቶ ይተኛል፤ ቀይዋን ዶሮዎቹ መልሰው ተረከቧት። እናቴ ግን ነገር ይዛ መተው አታውቅም ነበር። አንድ እሑድ ምሳ በልተን ስናበቃ ከፊቱ ተቀመጠችና «የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ትናንት ለስብሰባ ስትጠራ ሰምተህ አይደል የሄድከው?» አለችው።

«ሰምቼ ነው።»

«እሷ ሴት አይደለችም? የእሷን እየሰማህ የእኔን ለምን ትተወዋለህ?»

«እሷ የድምፅ ማጉያ ጡሩምባ ይዛ ነዋ የምትዞር።»

እናቴ ዞር ብላ መኪናዋን አየች። አባቴም አየ። ከዚያ ተነሥቶ ዶሮዎቹን አባረረና ያንን ማይክሮፎን ከወንበሩ ሥር አወጣው።

የወፍራሙን ማዞሪያ እስከ ታች፣ የቀጭኑን እስከ ላይ አደረገው። እኔን አጥሩ ዘንድ አቁሞ፣ አፌን እንዳያይ ጀርባዬን እንድሰጠው አዘዘኝና መሪው ኋላ ገባ። ያስያዘኝን ማይክሮፎን አፌ ላይ አስጠግቼ የምለው ጠፋኝ። ልጅ አባቱን የሚለው የተለመደ ነገር ነው የመጣልኝ።

«አባዬ፣ እንደምን ዋሉ?»

ድምፄ እንደ ምላጭ ሆኖ ወጣ። ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ የሰፈር ውሻ ጮኸ፣ እናቴ ጆሮዋን ያዘች። ከመኪናዋ ውስጥ ግን አባቴ በቀስታ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። አንቺስ እንደምን ዋልሽ?» አለኝ። ዞርኩ። «ድገሚው» አለኝ፤ ደገምኩት። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ «ድምፅሽ ተለውጧል እኮ» አለ። «አድገሻል።»

ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶናል። መጀመሪያ የደረሰው ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ነበር፤ «በማን ፈቃድ ነው በድምፅ ማጉያ የምትለፍፉት?» እያለ ሲገባ፣ እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ልጅ አባቷን ሰላም እያለች ነው፤ ጆሮው አይሰማም» አለችው። በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። አያ ቸኮል በከዘራቸው ሰዉን ከፍለው መጡ።

«ምን አልሽ አንቺ? አይሰማም?»

«ቀጭን ድምፅ አይሰማም፣ አያ። ከክረምት ጀምሮ።»

ሽማግሌው እናቴን አዩ፣ አባቴን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ማይክሮፎኑን ተቀበሉኝና፣ ሊበሉት እስኪመስል አፋቸው ውስጥ አስገብተው «አያሌው! እንደምን ዋልህ?» አሉ።

አባቴ ከመኪናው ወጥቶ ቆመና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ ቸኮል። እርስዎ እንደምን ዋሉ?»

«አንተ ልጅ» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው በሁለቱ በሮች እየተንቀጠቀጠ፣ «እኛኮ ኮራብን ብለን…»። ሳይጨርሱ ማይክሮፎኑን አጠገባቸው ላለችው ሴት ሰጧት። እሷም ሰላም አለችው፤ ከእሷ ኋላ ያለችውም፤ የቀን ሠራተኞቹም ነገሩ ገብቷቸው ይሁን ደስ ብሏቸው ተሰለፉ። በመጨረሻ ያ አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣ «ጋሽ አያሌው፣ እንደምን ዋሉ?» አለ። አባቴ የሁሉንም መለሰ፤ የትራክተሩ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ።

ከሥራም አላስወጡትም፤ ጋራዡ ውስጥ ሞተር የሚያዳምጥለት ሰው አብሮት ተመደበ። በጋው ሲገፋ ደግሞ ሰፈሩ አዲስ ልማድ አወጣ። አባቴ ሲያልፍ ሴቶቹ ከአጥር ጀርባ መጥራታቸውን ትተው መንገድ ድረስ ይወጡ፣ ትከሻውን ነካ ያደርጉና ከፊቱ ቆመው ሰላም ይሉት ነበር። እናቴም በሚቀጥለው ክረምት ወባ ሲነሣባት፣ ለጠያቂ የሚሆን ወንበር ከጎረቤት ተውሰናል።

አባቴ ካረፈ ቆየ። ዛሬ ባቄላ የምታህል የመስሚያ መሣሪያ ጆሮ ውስጥ ተቀምጣ ቀጭኑንም ወፍራሙንም እንደምታሰማ ሳይ ደስ ይለኛል፣ ለእሱ አለመድረሷም ይቆጨኛል፤ እኛ ለአንዲት ሰላምታ የመኪና በር ቀድደናል። በቀደም ከጓደኛዬ ጋር ስሄድ የጎረቤቴን ልጅ አገኘኋትና «እንደምን ዋልሽ?» ብላት ዝም ብላኝ አለፈች። ጓደኛዬ «ወይ ኩራት!» አለች። እኔ እርምጃዬን ፈጠን አድርጌ ዞርኩና ከልጅቷ ፊት ቆምኩ።