ማን ያሸክማቸዋል

ከስልክ መልእክት በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ክፍል ውስጥም መልሱን እያወቅኩ እጄን የማላወጣ ልጅ ነበርኩ። ዛሬም ሰው ሲሰበሰብ ዓይኔ መሬት ላይ ነው። ይህን የምጽፈው መናገር የነበረብኝን በሰዓቱ ስላልተናገርኩ፣ ንዴቱም እስካሁን ስላልወጣልኝ ነው።

ያደግኩት ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ወደ ሰፈራችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን እያወረድኩ ነው። ተራራው ላይ የእንጦጦ ፓርክ ከተሠራ ወዲህ መንገዳችን ረዝሟል፤ አጥሩን ዞረን በጀርባው ባለው ዳገት ነው የምንወጣው። ከሰፈራችን አብረን የምንወጣ አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን።

ሸክም የማያውቅ ሰው የማይገባው ነገር አለ። ሙሉ የጭራሮ እስር ብቻዋን ጀርባዋ ላይ የምታወጣ ሴት የለችም። መሬት ተቀምጠሽ ገመዱን ደረትሽ ላይ ታስሪያለሽ፤ ሌላዋ ከኋላ ታነሳልሻለች። መንገድ ላይ ካወረድሽም ያለ ሰው መልሰሽ አትነሺም። እኛ ማረፊያችን አንድ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ነበር። እዚያ ተራ በተራ እንሸካከማለን። የመጨረሻዋን ከኋላ የሚያነሳት ስለማይኖር፣ የተሸከሙት ሁለቱ እጅና እጇን ይዘው ጎትተው ያስነሷታል።

ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡትን ሴት እማማ እላቸዋለሁ። እናቴ ታማ ትምህርቴን ባቆምኩበት ዓመት የገመድ አስተሳሰር ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ሲያነሱልኝ ቢስሚላህ ይላሉ፤ እኔ በስመ አብ እላለሁ፤ በሌላ በኩል የምትይዘው ጴንጤዋ ጓደኛችን በኢየሱስ ስም ትላለች። እስሩም ይነሳል። ቋንቋችንም ብዙ ነበር። አንዷ በሌላዋ ቋንቋ ስድብ ተምራ፣ ዳገቱ ላይ መልሳ እሷኑ ትሰድብበታለች፤ በሳቅ ትንፋሽ ያጥረናል። ማን ከየት እንደመጣ ጠፍቶን አልነበረም። እያወቅን ነው አብረን የወጣነው።

ምርጫ ሲቃረብ ከሰፈራችን ልጆች አንዱ የፓርቲ ሰው ሆኖ መጣ። ድንጋዩ ድረስ ወጥቶ፣ በማኅበር ከተደራጀን ለጎብኚዎች ሻይና ዳቦ የምንሸጥበት ቦታ እንደሚያሰጠን ነገረን። ጀርባችን ሊያርፍ ነው ብለን ፈነጠዝን። ከዚያ ከቦርሳው ሦስት ወረቀት አወጣ። ማኅበሩ አንድ ሳይሆን ሦስት ነው፤ በየብሔራችሁ ትመዘገባላችሁ አለን። የትኛው ወረቀት የማን እንደነበር እዚህ አልጽፍም። እሱ የጻፈው ይበቃል።

የእኔ ተራ ደረሰ። አባቴና እናቴ ከሁለት ወገን ናቸው። ጫማዬን ሳይ፣ በአባትሽ ነው የምትቆጠሪው ብሎ ጻፈኝ። እናቴ በሕይወት አለች፤ በዚያ ወረቀት ላይ ግን የለችም። እሷን ለመፋቅ የፈጀበት ጊዜ የእስክሪብቶ ክዳን ከመክፈት አይበልጥም።

እማማ ሲጠየቁ፣ ከመካከላችን የእሳቸው ወገን የሆነች ሌላ ሴት እንደሌለች ታወቀ።

“እማማ፣ ብቻዎን ማኅበር አይሆኑም። የእርስዎን ሰዎች ይፈልጉ” አላቸው።

“ሰዎቼማ እነዚህ ናቸው” አሉና በእጃቸው ወደ እኛ አመለከቱ።

ከእኛ መሃል ትንፍሽ ያለች አልነበረችም። እኔም ጭምር።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ድንጋዩ ጋ ሦስት ቦታ መቀመጥ መጣ። ከወረቀቷ ውጪ ያለችን ሴት ያሸከመች ከዝርዝሩ ትወጣለች የሚል ወሬም ተነሳ። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ግን ሁላችንም አመንነው። ሰውዬው ራሱ አንድ ቀን ጭራሮ ቢሸከም ኖሮ ምን እንዳደረገ ይገባው ነበር። እሱ ግን ጀርባው ላይ ገመድ አርፎበት አያውቅም። ቢሮ ተቀምጠው እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚያዘጋጁለትም አያውቁም። እነሱ በስብሰባ መሃል ሻይ አብረው ይጠጣሉ፤ እኛን ደጋፊ ብለው ለመቁጠር ሲሉ ዳገት ላይ ይለያዩናል።

አንድ ሐሙስ እማማ እስራቸውን ጨርሰው ተቀመጡና አሸክሙኝ አሉ። እኔ ተሸክሜ ቆሜአለሁ። የወረቀቴ ሴቶች ያዩኛል። አሁን ባወርደው ማን መልሶ ያነሳልኛል ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁና ቁልቁል ወረድኩ። ዘወር ብዬ እንኳ አላየኋቸውም። እማማ የዚያን ቀን ግማሹን ጭራሮ ጥለው፣ ግማሹን በብብታቸው ይዘው እንደገቡ በኋላ ሰማሁ። ሰውዬው ወሬ አምጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ጥዬያቸው የሄድኩት ግን እኔ ነኝ። ከሁሉም ይበልጥ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሰውዬውን ሻይ ቤት ከጓደኞቹ ጋር አገኘሁትና ስሜን እንዲያወጣ ነገርኩት። ድምፄ አልወጣ ኖሮ ምን አልሽ አለኝ። ደገምኩለት።

“ለአንዲት አሮጊት ብለሽ የመሥሪያ ቦታ ልታጪ ነው?” አለ፤ ጓደኞቹ ሳቁ።

ሌላ ጊዜ ሰው ሲስቅብኝ እሸሻለሁ። ያን ቀን ወረቀቱን አውጥቶ እስኪሰርዘኝ ድረስ ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆምኩ። ለሌሎቹ ቦታው ይሰጣቸው አይሰጣቸው፣ ይህን ስጽፍ ገና አልታወቀም።

ከዚያ ወደ ተራራው ወጣሁ። የራሴን ለቅሜ ድንጋዩ ጋ ስደርስ ሌሎቹ ሄደዋል፤ እማማ ብቻቸውን ገመዳቸውን ያጠብቃሉ። ይቅርታ እንዴት እንደሚጠየቅ ጠፋኝ። ስሜን እንዳሰረዝኩ ብቻ ነገርኳቸው። ደስ አላላቸውም፤ እናትሽን ማን ሊያስታምም ነው ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ተቀመጡ፤ ከኋላ ገብቼ አነሳሁላቸው። ቢስሚላህ አሉ፣ በስመ አብ አልኩ፣ ቆሙ።

እኔም ተቀምጬ ገመዴን ደረቴ ላይ አሰርኩ። ከኋላዬ ማንም የለም። ሁለት ጊዜ ልነሳ ሞክሬ ሁለቴም ተቀመጥኩ። እማማ ከሸክሙ ሥር ጎንበስ እንዳሉ፣ ፊቴን ማየት ሳይችሉ፣ አንድ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

“የወረቀት ወገኖችሽ ወርደዋል” አሉኝ። “በይ እኔን ያዢና ተነሺ።”