የበያጁ የመጀመሪያ አስተያየት

በእኛ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ወርክሾፕ የከፈተ አንድ በያጅ ነበር። ነበር ስል አልሞተም፤ የቀረው በያጅነቱ ነው። ሲምል «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ይላል። መስኮቱ ለማክሰኞ ይደርሳል ብሎ ዓይኑን ግንባር ያስደርጋል፤ መስኮቱ ግን ለማክሰኞ አይደርስም። ጎረቤቱ ይስቅበታል እንጂ አይቀየመውም፤ ሥራው የማይነቀነቅ ነበርና።

አንዲት ሴት ልጅ አለችው። እናትየዋ ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ልጅቱ የጌም ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። አዲስ ጌም ሲገባ ወደ ቤት ትወስደውና፣ ገና ስትጀምረው የተሰማትን በአጭሩ ትጽፋለች፤ ጽሑፉ በሱቁ ገጽ ላይ ይወጣል። የዚህን ታሪክ አብዛኛውን የነገረችኝ እሷ ናት። እኔ ስለ ጌም የማውቀው ስለሌለ፣ የተሳሳተ ነገር ካለ የእኔ ነው።

በዚያ ሰሞን አባትየው ከልጁ የሚደብቀው ነገር ነበረው። የሁለቱም ዓይኖቹ መሃል ጠፍቷል። ዳር ዳሩን ያያል፤ የበር ጠርዝ፣ የደረጃ ጫፍ፣ የሰው ትከሻ ያያል። ትኩር ብሎ ሊያየው የፈለገው ነገር ግን ይሸሸዋል፤ በቦታው ግራጫ ጭጋግ ይቀመጣል። ያመጣው ሥራው ነው። የብየዳ ማስኩን የሚያጠልቀው ለረጅም የብየዳ መስመር ብቻ ነበር። «ለአንዲት ነጥብ ማን ማስክ ይፈልጋል?» ይልና ፊቱን ዞር፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ብረቱን በነጥብ ያያይዛል። የጨፈነ እየመሰለው ስንት ጊዜ እሳቱን እንዳየ እግዜር ይወቅ። ልጁ ካወቀች ወርክሾፑን ታዘጋዋለች። ወርክሾፑ ከተዘጋ ደግሞ እሱ ምን ሊሆን ነው?

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅቱ አንድ የጃፓን ጌም ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘች። አብዛኛው የሚነበብ ልቦለድ ነው። ሥዕል ይመጣል፣ ሰዎቹ በድምፅ ያወራሉ፣ ንግግራቸው ከሥር ይጻፋል። አልፎ አልፎ ብቻ ተጫዋቹ ራሱ በጨለማ መተላለፊያ ውስጥ መውጫ እየፈለገ ይሄዳል። ታሪኩ መሬት ተናውጦ ከትምህርት ቤታቸው ሥር ወዳለ ጉድጓድ የወደቁ አምስት ተማሪዎች ታሪክ ነው። ከአምስቱ አንዱ ሲወድቅ ሞቷል፤ የሟቹን ፊት የለበሰ ሌላ ነገር አብሯቸው ይጓዛል።

«አባዬ፣ ና ቁጭ በል። አንተ ስለማታውቀው ሳትሸነግል ትነግረኛለህ።»

«ተኩስ አለው?»

«የለውም። ይነበባል።»

«ታዲያ መጽሐፍ አትገዢም ነበር? መጽሐፍ እንኳ ኤሌክትሪክ አይበላም።»

እሷ እያነበበች ተረጎመችለት። «የእኔ የውጭ ቋንቋ ዝጓል» አለ፤ ይህ ጥሩ መደበቂያ ሆነለት። ድምፆቹን ግን ወዲያው ለየ። ሁልጊዜ የምታስለውን «ወይዘሪት ጉንፋን» አላት። የሚፎክረውን «ጀግናው» አለው።

«እስካሁን እንዴት አገኘኸው?»

«ወሬ በዛ! ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው ስለ ፈተና ያወራሉ። ውሃ አይፈልጉ፣ መውጫ አይፈልጉ። እኔ ብሆን ጀግናውን በጥፊ ነበር የማስነሳው።»

«ይሄን እጽፈዋለሁ።»

«ጻፊው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ማንም ቢጠየቅ ይሄንኑ ነው የሚልሽ።»

መተላለፊያው ሲመጣ ጆይስቲኩን ነጠቃት። የግድግዳዎቹ ጠርዝ ነጭ ስለሆነ በዓይኑ ዳር ይያዝለታል። የግራውን ግድግዳ እየታከከ፣ አንዴም ሳይጠፋ ከትልቁ በር ደረሰ።

«ወይ አባቴ! ጠዋት ብቻዬን ስሞክረው እኔ እዚህ ጋ ስዞር ነው ያረፈድኩት።»

ደስ አለው። እንዲህ ካመሰገነችው ቆይታ ነበር።

በሩ ጋ ሲደርሱ ድምፅ ሁሉ ጠፋ። አምስቱ ፊቶች ጎን ለጎን ቆሙ። አራቱ ያለቅሳሉ። ጀግናው አፉ እስከ ጆሮው ተቀዶ ይስቃል። ሌሎቹ በበሩ እንዲያልፉ አንዱ ቀድሞ መግባት አለበት፤ ሰው ያልሆነውን ለይቶ ማስገባት ነው። ሕፃን የማይስተው ነገር ነበር።

እሱ ግን ጠበቀ። ድምፅ ነበር የሚጠብቀው።

«በል ምረጥ፣ አባዬ።»

«ጉንፋን ትግባ። ስታስል አልሰማኋትም፤ እሷ ናት የተለወጠችው።»

ጉንፋን ገባች። ከበሩ ወዲያ የተሰማውን ልጅቱ አልተረጎመችለትም። ድምፁን ዘጋችና ሥዕሉን ወደፊት ገፋችው።

«አሁን የሚያወራው ማነው?»

«ድምፁን ምን አደረግሽው?»

«ሥዕሉ አለ እኮ። ማነው?»

«ዝም ያለን ሰው ማን ብዬ ልጥራው እንግዲህ?» ሊስቅ ሞከረ።

ተነስታ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች። «እኔስ? እያለቀስኩ ነው ወይስ እየሳቅኩ?»

እጁን ወደ ጉንጯ ሰደደ። መንገድ ላይ ያዘችው። «በእጅህ አይደለም።»

«ፀጉርሽን አያለሁ» አለ። «ጆሮሽን አያለሁ። መሃሉን… ከአምና ጀምሮ አላየሁትም።»

ልታለቅስ ፈልጋ ነበር፤ ግን ሌላ ነገር ትዝ አላትና እንባዋ ደረቀ።

«ሐሙስ የገጠምከው የበረንዳ መከለያ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው፣ እሱን በምንህ ነው የበየድከው?»

«በጆሮዬ። ጥሩ ብየዳ ዘይት ላይ እንደሚጠበስ ነገር ነው የሚንጫጫው። አሳምሮ ተንጫጭቷል።»

«ጫማህን አድርግ።»

የሦስተኛ ፎቁ ቤት ባለቤት ነርስ ናት። ሕፃን ልጇን በእግሯ ሥር ትታ በሩን ከፈተች። «ምነው ባለሙያው፣ በእሑድ ምድር?»

«መከለያውን አንዴ ለማየት ነው» አለ፤ ከዚያም እንዳፈረ ሰው አቀረቀረ።

መከለያው ላይ እርጥብ ብርድ ልብስ ተሰጥቷል። ልጅቱ ብርድ ልብሱን አነሳችና ቀለሙን እዚህም እዚያም በቁልፍ ፋቀችው። ብየዳው እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ የሚያምር ነበር። ያረፈው ግን ከመጋጠሚያው አንድ ጣት ፈቀቅ ብሎ ነው። ብረቱን ከራሱ ጋር ነበር የበየደው። ብረት የትም ቢበየድ ጩኸቱ አንድ ነው፤ ጆሮ ይህን ከየት ያውቃል? በመዳፏ ገፋ አደረገችው። ቋሚው ተነቅሎ ቁልቁል ሄደ፤ ግቢው ውስጥ ሲያርፍ ጮኸ።

«ጠዋት ልጄ እዚሁ ተደግፎ እርግቦቹን…» ነርሷ አልጨረሰችውም። ሕፃኑን ከወለሉ አፍሳ አቀፈችው። በያጁን አልሰደበችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር መሰለኝ።

«የበረንዳውን በር ይቆልፉት፣ እመቤቴ» አላት። «ሰው እንዳይወጣ።» ደረጃው ላይ ልጁን ጠየቃት፦ «ብየዳዎቹ ሁሉ ስተዋል?»

«የፋቅኳቸው ሁሉ።»

የዚያኑ ዕለት የጻፈችው አስተያየት በሱቁ ገጽ ላይ ወጣ። እኔም አንብቤዋለሁ፤ አጭር ናት። ወሬ ይበዛዋል፣ መንገዱ አጭር ነው፣ አንድ ሽማግሌ ጀግናውን በጥፊ ማለት አምሮታል፣ ፊቶቹን ልብ ብላችሁ እዩ ትላለች።

ሰኞ ከመንገዱ ማዶ ያለው በያጅ መከለያውን ሊጠግን መጣ። ዕድሜ ልካቸውን ደንበኛ ሲነጣጠቁ የኖሩ ናቸው። አየው፤ ለቀልድ የከፈተውን አፉን መልሶ ዘጋው።

«ጋሼ፣ ይቺን ይያዙልኝ» አለ።

የእኛ በያጅ ቋሚውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ቀጥ አድርጎ ነበር የያዘው። ያኛው ማስኩን አላጠለቀም፤ ነጥብ ናትና። ፊቱን ዞር አድርጎ፣ በያጆች ሁሉ እንደሚሉት «ዓይን!» ብሎ ጮኸ። ልጅቱም ነርሷም ፊታቸውን አዞሩ።

እሱ አላዞረም። ብርሃኑ ፊቱን ሲያነጣው ዓይኖቹ እንደተከፈቱ ነበሩ።

«አባዬ! ጨፍን እንጂ!»

«ለምኑ ብዬ?» አለ፤ ብረቱን አልለቀቀም።