አፋፉ ላይ የተባለ አሚን

የዚያን ቀን አፋፉ ላይ የነበርነው እኒህ ነን። ሰይድ፤ ሊሄድ የተነሳው እሱ ነው። ቶይባ፤ የሰይድ ታላቅ እህት፣ መርሳ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ። ደሳለኝ፤ ጎረቤታችን፣ ያኔም ዛሬም ባጃጅ ነጂ። አያ ይማም፤ መሬታቸው ከአፋፉ ሥር የሆነ፣ ዱዓቸው የሚፈለግ ሽማግሌ። እና እኔ፣ የሰይድ አብሮ አደግ። ሌላ ሰው አልነበረም። ወሬውን የሚያወሩት አንዳንዶች የሰይድን እናት ይጨምራሉ፤ እሳቸው ቤት ነበሩ። ዳገቱን የሚወጣ ጉልበት አልነበራቸውም።

ይህን የሚያስጽፈኝ ባለፈው ሳምንት እዚያው መሄዴ ነው። አፋፉ ላይ ለጎብኚ የሚሆን መጠለያ ተሠርቶ መብራት እንድዘረጋ ተጠራሁ። መንገዱ አሁን ሁለት ሆኗል። አጭሩ በድንጋይ ደረጃ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ረጅሙ በዛፎቹ ውስጥ ዞሮ ይመጣል፤ መገንጠያው ላይ ቀይ ቀስት ተቀብቷል። ከወልድያ የመጡ ተማሪዎች ጫፉ ላይ ተራ በተራ እየቆሙ ፎቶ ይነሱ ነበር። አንዷ፣ ሽቦዬን ተሸክሜ ሳልፍ፣ ወንድም አንሳን ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ሳነሳቸው ከኋላቸው ያለው ሜዳ ታየኝ፤ ከዚያ በኋላ ሥራው እጄ ላይ ከበደኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ወሩ ኅዳር ነበር፤ ማሽላው ደርሶ፣ ቆላው ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆኖ፣ መርሳ ላይ የመጀመሪያው ብርቱካን መውጣት የጀመረበት ጊዜ። ሰይድ በሐራ በኩል ወደ አፋር፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ሊሻገር ከደላላ ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል። ታላቅ ወንድማቸው አህመድ በዚያው መንገድ ሄዶ፣ ከባሕሩ ወዲህ ይሁን ወዲያ ሳይታወቅ ድምፁ ጠፍቷል። እናታቸው ሁለተኛውን ልሸኝ አልችልም ብለው ምግብ ትተዋል። ቶይባ ለምናም፣ ተቆጥታም፣ አልቅሳም አልሆነላትም። ሁላችንም ደክሞን ነበር። ሰውን በየቀኑ አትሂድ ማለት ያደክማል፤ የሚባለውም ሰው ይደክመዋል። ሰንበትበት ሲል ተናጋሪው የሚለውን ሳያስብ ይናገራል፣ ሰሚውም ሳይሰማ ራሱን ይነቀንቃል።

የቀሩን አያ ይማም ነበሩ። ሰይድ ከልጅነቱ ጀምሮ የሳቸውን ቃል ያከብራል። ቶይባ አስቀድማ ብቻዋን ወጥታ ነገሩን አጫወተቻቸው። «አምጡት፤ ዱዓ እናደርጋለን» አሏት። እሷ ይህን ከመንገድ ሊያስቀሩልኝ ነው ብላ ተረድታ ወረደች። እሳቸው ግን ያሉት ይህንኑ ብቻ ነበር። ሰይድም ለምን እንደምንወስደው ያውቅ ነበር፤ አልደበቅነውም። እሺ ብሎ መጣ።

የጠጠሩ መንገድ እስከሚያልቅ በደሳለኝ ባጃጅ ሄድን። ቶይባ በፌስታል ብርቱካንና ጭኮ ይዛለች፤ ጭኮው ለአያ ይማም፣ ብርቱካኑ ለእኛ። ያኔ ደረጃ የለም፤ ከብት የሚሄድበት ጠመዝማዛ መንገድና ሰው የሚቸኩልበት አቋራጭ ነበር። አቋራጩን ያዝን። ድንጋዩ ከእግራችን ሥር እየከዳን፣ አቧራው ጉሮሯችንን እያነቀን ወጣን። እኩሌታው ላይ ሰይድ ወገቡን ይዞ ቆመ።

«ይህን ዳገት ሳትጨርስ ነው በረሃ የምታቋርጠው?» አለው ደሳለኝ።

«በረሃው ሜዳ ነው» አለ ሰይድ።

ቶይባ ሳታስበው ሳቀች። ወዲያው የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን አዞረች።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ላባችንን አደረቀው። ቁጭ ብለን ብርቱካን ላጥን። ከዚያ ላይ የመርሳ ቆርቆሮ በእፍኝ የተበተነ ይመስላል። አስፋልቱ ወደ ወልድያ ይሳባል፤ ሚኒባሶቹ የማይሄዱ እስኪመስሉ ድረስ ቀስ ይላሉ። በስተ ምሥራቅ ማሽላው እያነሰ ሄዶ የሐራ ሜዳ ይጀምራል፣ ባቡር የማይሄድበት ሐዲድ በመሐሉ ያልፋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አቧራ ይሁን ሰማይ አይለይም። ሰይድ የብርቱካን ልጣጩን እንደያዘ በእጁ ያሳየን ጀመር። ያቺ ሐራ ናት። ከሷ ወዲያ ያለው ወደ ጭፍራ የሚወስደው ነው። ከዚያ ሚሌ። አንድ ቀን እንኳ ሳይሄድበት መንገዱን እንደ ሰፈሩ ያውቀዋል። የመጣንበት ቦታ መጥፎ መሆኑ ያኔ ታየኝ። ሰውየውን አገሩ ለማስቀረት፣ አገሩ ሁሉ አንሶ ከሚታይበት ቦታ አውጥተነዋል።

አያ ይማም በትራቸውን ይዘው ከታች መጡ። ጫፉ ላይ ካለው ወይራ ሥር አጎዛ አነጠፉ፣ ስለ ሰይድ እናት ጤና፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ገበያው ጠየቁን። ጭኮውን ቀምሰው ለቶይባ መረቁ። ከዚያ ዱዓው ተጀመረ።

እኛ ዘንድ ዱዓ ሲደረግ የመጣ ሰው ሐጃውን፣ ማለት ጉዳዩን፣ በራሱ አፍ ይናገራል። ሽማግሌው ያንኑ ይዘው ይለምናሉ፣ የተቀመጠው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። ይህን ነፍስ ካወቅን ጀምሮ እናውቀዋለን። ያላሰብነው ነገር፣ ሰይድም እንደማንኛችንም ተራው እንደሚደርሰው ነው።

ቶይባ ቀደመች። ወንድሜን አገሩ ላይ ያኑርልኝ አለች። አያ ይማም ረዘም አድርገው ለመኑላት፤ ሁላችንም አሚን አልን፣ ደሳለኝም በክርስቲያን አፉ አሜን አለ። ሰይድም አሚን አለ። አጠገቤ ስለነበር በደንብ ሰምቼዋለሁ። የቶይባ ፊት ፈካ። ደሳለኝ ሚስት እንዲሰጠው ጠየቀ፤ አያ ይማም ዝምተኛ ትስጥህ፣ አንተ ለሁለት ትናገራለህ አሉት። እኔ ጤና አልኩ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ሰይድ መለሱ።

«መንገድ ልወጣ ነው» አለ ሰይድ። «ደርሼ እንድመለስ ዱዓ አድርጉልኝ።»

ቶይባ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አያ ይማም፣ እኔ እኮ ለዚህ አላመጣሁትም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ያንቱን ዱዓ ይዞ ከሄደ ማን ይመልሰዋል?»

«ያለ ዱዓ ቢሄድስ?» አሏት።

አያ ይማም እጃቸውን ዘረጉ። ጥሙን አብርድለት አሉ። ባሕሩን አርጋለት። ክፉ ሰው አይግጠመው። መልሰህ ለእናቱ ዓይን አብቃው። በየመሐሉ እኔና ደሳለኝ አሚን አልን፤ መጀመሪያ በግድ፣ ኋላ ግን ጥሙም ባሕሩም እውነት መሆኑ ሲገባን ከልባችን። ቶይባ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ መሬት መሬት ታያለች። ዱዓው አለቀ። አያ ይማም ግን ለመዝጋት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አላበሱም፤ እንደዘረጉት ጠበቁ።

«አንቺ ቀረሽ፣ ቶይባ።»

«አልችልም።»

አልተቆጧትም። እጃቸውን አላጠፉም፤ ክንዳቸው እየዛለ ዝቅ ሲል አየሁ። ሰይድ ቀና አላለም፣ የገዛ መዳፉን ያያል። ቶይባ እጇን ከጭኗ ላይ የከባድ ዕቃ ያህል አነሳችው።

«አሚን» አለች። አያ ይማም ፊታቸውን አበሱ፤ እኛም አበስን።

ስንወርድ ረጅሙን መንገድ ያዝን። የሚቸኩል አልነበረም። አሚን ካልን በኋላ ማናችንም ተመልሰን አትሂድ ልንለው አልቻልንም፤ ያ ሁሉ ክርክር አፋፉ ላይ ቀረ። ባጃጁ ጋ ልንደርስ ስንል ቶይባ ቆም ብላ እግሩን አየች።

«የምትሄደው በዚህ ጫማ ነው?»

«አዎ።»

«አይሆንም። ነገ ገበያ እንሄዳለን።»

ሰይድ ደርሷል። የመንን አልፎ ሳዑዲ፣ ከከተማ ራቅ ብሎ ፍየል ይጠብቃል። አንዳንድ አርብ ለቶይባ ይደውላል፤ ድምፁ ሳይጠራ ይቋረጣል። እናቱ በሕይወት አሉ፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከመደብ ለመነሳት ይሞክራሉ። ባለፈው ሳምንት አያ ይማም መጠለያው ድረስ መጥተው፣ ዓይናቸው ስለደከመ በድምፄ ለዩኝ።

«ያ ልጅ ተመለሰ?» አሉኝ።

ደርሷል፣ ገና አልተመለሰም አልኳቸው።

«እንግዲህ ግማሹ ቀርቷል» ብለው በትራቸውን እያስቀደሙ ወረዱ።

መሰላል ላይ ሆኜ ሽቦ ስስብ ያሰብኩት፣ በአንድ መቀመጫ ለሁለት ተቃራኒ ነገር አሚን ማለታችንን ነው። ይኑር ስንል ከልባችን ነበር፣ ይድረስ ስንልም ከልባችን ነበር። የትኛው እንደተሰማ ለመጠየቅ እንኳ አሁን ድካም ይሰማኛል።

የጻፍኩት ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው፤ የጎደለ አይጠፋውም። ደሳለኝ፣ አንተ ከቶይባ ጎን ነበርክ። አሚን ከማለቷ በፊት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ ያለችው ግን አልተሰማኝም፤ ሰምተህ ከሆነ ጨምርበት። ቶይባ፣ ካልከበደሽ አንቺው ንገሪኝ። የአያ ይማምን እኔ ወጥቼ እጠይቃለሁ። ሰይድ፣ አንተም ነበርክ። የዚያን ቀን ከመሐላችን አንዱ አሚን ሳይል ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ትቀር ነበር? እሱን ካንተ በቀር የሚጨምርልኝ የለም።