ጉልቨን እንዴት እንደተኛ

የፈረንሳይ የወደብ ከተማ የዱአርኔኔ ሰው ሁለት ነገር አይለካም፦ ኬኩ ውስጥ የሚገባውን ቅቤና ጉልቨን የሚያወራውን ማዕበል። ቅቤው ቢለካ ሐኪም ይከለክለዋል፤ ማዕበሉ ቢለካ ደግሞ የሶአዚግ ቡና ቤት ጣሪያ አይችለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወራ አራት ሜትር የነበረው ማዕበል ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ስድስት ይሆናል፤ ለፋሲካ አሥራ ሁለት ይገባል፤ በጋው ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ቁልቁል እያየ ያልፋል።

ያም ሆኖ ውሸታም የሚለው የለም። ጉልቨን ስምንት ሜትር በማትሞላ የሸራ ጀልባ ብቻውን አትላንቲክን ሃያ ሁለት ዓመት ተመላልሶበታል፤ ሌላው ሰው ገበያ እንደሚመላለሰው። ነፋሱ ራሱ ከሩቅ ሲያየው «ይሄ ሰውዬ ደግሞ መጣ» ብሎ አቅጣጫ ይለውጣል ይባላል።

ብቻውን ስንል ፊሎሜንን ረስተን ነው። ፊሎሜን ሰው አይደለችም። በጀልባው ጭራ ላይ የታሰረች፣ በጣውላ ክንፏ ነፋሱን እያሸተተች መሪውን የምታዞር የብረት ዕቃ ናት። ብቻውን ባሕር የሚወጣ ሰው ሁሉ ለዚህች ዕቃ ስም ያወጣላታል፤ ስም ካወጣላት በኋላ ይሰድባታል፤ ከሰደባት በኋላ ይቅርታ ይጠይቃታል። ቄስ አልባረከውም እንጂ ትዳር ነው።

ባለፈው መስከረም አትላንቲክ መሐል ካሉት ከአዞር ደሴቶች ሲመለስ ግን ጉልቨን ከፊሎሜን ጋር ተጨቃጭቆ ተሸነፈ። መጨቃጨቁን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው። ቡና ቤቱን ጸጥ ያሰኘው መሸነፉ ነው። በምን ጉዳይ ነው ቢሉት ቢሉት አፉን እንደ ሰርዲን ጣሳ ገጠመ። በጥቅምት ጀልባውን ከነፊሎሜን ለአንድ የሬን ከተማ የጥርስ ሐኪም ሸጣት። ለጠየቀው ሁሉ ትከሻዬን አሞኝ ነው፣ ሸራ መሳብ አቃተኝ ይል ነበር። ትከሻው ግን ሰኞ የግራው፣ ሐሙስ የቀኙ ነበር የሚያመው።

ከዚያ ወዲያ በሰው ጀልባ ላይ ረዳት ሆኜ እወጣለሁ ብሎ ተነሣ። ሦስት ባለ ጀልባ ሞከሩት። በመጀመሪያዋ ጀልባ ሌሎቹ ጫማቸውን እስኪያስሩ ድረስ ሸራውን ሰቅሎ፣ መልሕቁን ነቅሎ፣ አንዱን ተሳፋሪ ወደቡ ላይ ትቶት ሄደ። በሁለተኛዋ ለአራት ሰው የተሠራውን ሾርባ ቆሞ ከነድስቱ ጠጣና ማንኪያውን በሱሪው ጠርጎ ወደ ኪሱ መለሰ። በሦስተኛዋ ሱሪውም አልነበረም፤ ለሃያ ሁለት ዓመት ከዓሣ ነባሪ በቀር የሚያየው ስላልነበረ አንድ ጠዋት እንደተፈጠረ ብቅ አለ። የካፒቴኑ አማት እዚያ ነበሩ። እስከ ዛሬ ስለ ባሕር ሲነሣ ያማትባሉ።

አራተኛዋ አዜኖር ናት። ጡረታ እስክትወጣ አዋላጅ ስለነበረች የከተማውን ግማሽ በእጇ ተቀብላዋለች። ስለዚህ ጎረምሳ ይሁን ከንቲባ መልስ አይመልስላትም፤ ራቁቱን ሲያለቅስ አይታዋለቻ። የሚጮህ ሰውም አያስደነግጣትም። ዘጠኝ ሜትር የሆነች ጀልባዋን ይዛ በሰኔ ወደ አዞር ልትሄድ አስባ ረዳት ትፈልግ ነበር። ጉልቨንን በግንቦት እስከ አየርላንድ፣ እስከ ኪንሴል ወደብ ወስጄ አየዋለሁ አለች።

«አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለኝ» አለችው ሶአዚግ ቤት፣ ሁሉም እየሰማ። «የኔ ተራ ሲሆን እጅህም ምላስህም አልጋህ ውስጥ ይቀመጣሉ። ከጣስክ ኪንሴል ላይ ትወርዳለህ። በትልቁ መርከብ ከቱሪስት ጋር ቸኮሌት እየበላህ ትመለሳለህ።»

ጉልቨን በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከአዜኖር በኋላ የቀረው የወደቡ አግዳሚ ወንበር ብቻ መሆኑን ያውቃል። እዚያ ጡረተኞቹ ተደርድረው ነፋሱ ሲዞር «ዞረ» ይላሉ። ሥራቸው ይኸው ነው። እዚያ ተቀምጦ የተነሣ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ሶአዚግ የምሳውን ዝርዝር የምትጽፍበትን ጥቁር ሰሌዳ ጠረገችና ጉልቨን የት እንደሚባረር እያንዳንዱ ግምቱን እንዲጽፍ ጠመኔ አቀረበች። አንዱ ባሕሩ ዳር ያለውን የመብራት ማማ ጻፈ። ፖስተኛው «ገመድ ሳይፈታ» አለ። የጉልቨን የገዛ እህት ጠመኔውን ተቀብላ «በዋና ይመለሳል» ብላ ጻፈች።

ማክሰኞ ጠዋት ወጡ። አዜኖር መሪውን ያዘችና ሂድ ተኛ አለችው። ታዛዥ ሆኖ ገባ። ብቻውን የሚሄድ መርከበኛ ግን የሚተኛው ለሃያ ደቂቃ ነው፤ ከአድማስ ብቅ ያለ መርከብ መጥቶ እስኪጨፈልቀው የሚፈጀው ያንኑ ያህል ነው ተብሎ። ለዚህም እንቁላል ሲቀቀል ደቂቃ ቆጥሮ የሚጮኸውን የወጥ ቤት ደወል በአንገቱ ያስራል። ጉልቨን የራሱን ደወል በሱፍ ካልሲ ጠቅልሎ ትራሱ ሥር ደብቆታል። በየሃያ ደቂቃው ካልሲው ይንጫጫል፤ በየሃያ ደቂቃው ጉልቨን እንደ ፍልፈል አንገቱን ብቅ አድርጎ አድማሱን ዙሪያውን ያያል።

«አሁን ደግሞ ምን ሆንክ?» አለችው አዜኖር።

«ምንም። አየር ልቀበል ብዬ ነው።»

«ስምንተኛ አየርህ ነው። ለሌላው ሰውም ተውለት።»

ረቡዕ ነገሩ ወደ ክርን ተሸጋገረ። ተራው የአዜኖር ነበር፤ ጉልቨን ቡና ሊሰጣት ወጣ። ኩባያውን ሲያቀብል ክርኑ የሸራውን ገመድ አጠበቀው። አዜኖር ቡናዋን ጠጥታ ገመዱን መልሳ አላላችው። ኩባያውን ሊወስድ መጣ፤ ክርኑ አሁንም አጠበቀው። አላላችው። ስኳሩን ረሳሁ ብሎ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። አዜኖር ስኳር ቀምሳ አታውቅም። በዚህ ሁሉ መሐል ጀልባዋ የቱን ልስማ ብላ እንደ ሰካራም ትወላገድ ነበር።

በሦስተኛው ላይ እጇን ገመዱ ላይ ጣለችና ዓይን ዓይኑን አየችው። ሕጉ እጅ ነው የሚለው፣ ክርን አልተባለም ብሎ ሊከራከር ሞከረ።

«ሠላሳ አራት ዓመት አዋላጅ ነበርኩ፣ ወንድሜ» አለችው። «እጅ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አታስተምረኝም። ይቺን አልፌልሃለሁ። ሌላ አላልፍም።»

ጉልቨን ገብቶ በጎኑ ተኛና ሁለቱን እጆቹን ጭኖቹ መሐል ቀበራቸው። ካልሲው ግን አላረፈም። ሐሙስ ጠዋት ሲደርስ ሰውዬው በሁለት ቀን ውስጥ ከሃያ ደቂቃ በላይ ያለማቋረጥ አልተኛም ነበር። ዓይኖቹ የሰርዲን ዓይን መስለዋል፤ ያውም ገበያ ውሎ የተመለሰ ሰርዲን።

ሦስት ሰዓት ገደማ ጀልባዋ ትንሽ ዞር አለች። ሸራው ሁለት ጊዜ ተርገበገበ። በእንቅልፍና በንቃት መሐል የነበረው ጉልቨን ከአልጋው ላይ እንዲህ ሲል ጮኸ፦

«አንቺ የዛገሽ አህያ! ወደ ግራ ነው ያልኩሽ! አውልቄ ነው የምወረውርሽ፣ ለሸርጣን ነው የምሰጥሽ!»

ከውጭ የውኃው ሹክሹክታ ብቻ ይሰማል። ጉልቨን ዓይኑን ገለጠ። ጣሪያውን አየ፤ የእሱ ጣሪያ አይደለም። መሪው ላይ ያለችው ማን እንደሆነች ቀስ ብሎ ትዝ አለው። የወደቡ አግዳሚ ወንበርም አብሮ ትዝ አለው፤ ከነጡረተኞቹ፣ መሐላቸው ከተተወለት ክፍት ቦታ ጋር።

ሻንጣውን አወጣና ዕቃውን ይከት ጀመር። ሁለት ሹራብ፣ አንድ ሱሪ፣ ማንኪያ። አዜኖር መሪውን በገመድ አስራ በበሩ ጎንበስ አለች።

«ፊሎሜንን ነው?» አለችው።

«እሷን ነው።»

«በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ መልሳልህ ታውቃለች?»

ጉልቨን ሹራቡን አጠፈው፣ ዘረጋው፣ እንደገና አጠፈው። ሶአዚግ ቤት ስንት ብርጭቆ ተቀድቶለት ያላወጣው ነገር ነው።

«አንድ ጊዜ።»

«ምን አለችህ?»

«ተኛ አለችኝ» አለ ሹራቡን እያየ። «‹እኔ እዚህ ነኝ፣ ተኛ› አለችኝ። ምን አገባሽ አልኳት። ሦስት ቀን ሙሉ ተከራከርን። በአራተኛው ቀን ደወሉን ሳልሰማው ተኛሁ። ስነሣ ሰፈር የሚያክል የጭነት መርከብ አጠገቤ እያለፈ ነው። እጄን ብዘረጋ የመርከበኞቹን ካልሲ ከተሰጣበት አወርድ ነበር። ጀልባዋ ዞራ አገኘኋት። ያዞርኳት እኔ አይደለሁም።» ሹራቡን እንደገና አጥፎ «ነፋሱ ይሆናላ» አለ።

እዚህ ላይ፣ ልብ በሉ፣ መርከቡን አላሳደገውም። አንድ ሜትር እንኳ አልጨመረበትም። አዜኖርም ይህን ሳታስተውል አልቀረችም፤ አልሳቀችም።

«ደወሉን አምጣ» ብላ እጇን ዘረጋች።

ትራሱ ሥር ገብቶ ካልሲውን አወጣ። ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ፊቱን አዙሮ ሰጣት።

«እኔ እዚህ ነኝ» አለችው። «ተኛ።»

ጉልቨን የሦስት ቀን መከራከሪያ አዘጋጅቶ ነበር። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እኩሌታ ላይ ሲደርስ፣ አፉ እንደተከፈተ፣ ግማሽ አካሉ ሻንጣው ላይ እንደሆነ ተኛ። ያን ቀን በአየርላንድ ባሕር ዳርቻ ፀሐይ ነበር፤ ሁለት የዓሣ አስጋሪ ጀልባዎች ግን ማንኮራፋቱን በጉም ጊዜ እንደሚነፋ የመርከብ ጡሩምባ ሰምተው ጉም የወረደ መስሏቸው እነሱም ጡሩምባቸውን ነፍተዋል።

የነቃው በደወል ነው። ያው የገዛ ደወሉ ጮኸ፤ ዘሎ ተነሥቶ ጣሪያውን በጭንቅላቱ መታና እየሮጠ ወጣ። አድማስ የለም። አድማሱ በሚኖርበት ቦታ ላይ ቀይና ቢጫ የተቀቡ ቤቶች፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አይስክሬም የሚልሱ አሮጊቶች ቆመዋል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤ ፀሐይዋ ገና አልገባችም። ጀልባዋ ኪንሴል ወደብ ላይ በአራት ገመድ ታስራለች። አዜኖር ተቀምጣ እንቁላል ትልጣለች፤ ደወሉ ለእንቁላሉ ነበር የጮኸው።

ጉልቨን ገመዶቹን አየ፣ እሷን አየ፣ ነፋሱን አየ። ከዚያ ደሙ ፈላ።

«ብቻሽን ነው የገባሽው?» አለ። «ነፋሱ ከጎን እየመታሽ? ገመድ የሚወረውርልሽ ሰው ሳይኖር? እጅሽ ገመድ ውስጥ ቢያዝስ? ጤነኛ ሰው ጀልባ ይዞ ብቻውን…»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ጆሮው ገባ። ቀሪውን ዋጠው።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ገመድ አልነካህም» አለች አዜኖር። «አፍህ ሥራ አልፈታም፤ ግን የተናገርከው ነገር አንዱም አልገባኝም። ሕጉን ጠብቀሃል።»

«ጠዋት የሰደብኩሽስ?»

«የሰደብከው ፊሎሜንን ነው። እሷ ከጥርስ ሐኪሙ ጋር ናት፤ እዚያ ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት።» ሁለተኛውን እንቁላል ወረወረችለት። «ወደ አዞር ሰኔ አምስት ነው የምንነሣው። ደወሉ የወጥ ቤቱ ነው፣ አይመለስልህም። ማንኪያህን ከሻንጣው አውጣና እጠባት፤ በደንብ።»

ዱአርኔኔ ሲመለሱ ሶአዚግ ሰሌዳውን አውርዳ ብታየው «ይተኛል» ብሎ የጻፈ አንድም ሰው አልነበረም። ጠረገችውና የዕለቱን ሰርዲን ጻፈችበት። እህቱ እስከ ዛሬ አላመነችም፤ ፀጉሩን አሽትታ የባሕር ውኃ ፈልጋበታለች።

ጉልቨን አሁንም ሶአዚግ ቤት ያወራል። ማዕበሉ ግን አራት ሜትር ላይ ቆሟል፤ ማንም የሚመግበው የለም። የሚያድገው እንቅልፉ ነው። የመጀመሪያው ምሽት አሥራ አንድ ሰዓት ነበር፤ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ አሥራ አራት ገባ፤ ትናንት እኔ ራሴ እየሰማሁ አሥራ ዘጠኝ አለ። ለሰኔ አምስት ጥቂት ቀን ቀርቷል። እስከዚያ ድረስ ካልተገታ ኪንሴልን አልፎ ግሪንላንድ ተኝቶ መድረሱ አይቀርም።